አሜሪካን በብስክሌት ማቋረጥ፦ የ1976ቱ ጉዞ እንዴት ታቀደ?

አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በብስክሌት ለማቋረጥ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚዘረጋው ካርታ ነው። መንገዱ በየት በየት ያልፋል፣ ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ የት የት ይታደራል እያለ ያሰላል። ብስክሌቱ፣ ድንኳኑና የጉዞው ገንዘብ ተራቸውን ጠብቀው ይመጣሉ። የመነሻው ቀን የሚቆረጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው ከመሥሪያ ቤት በሚገኘው ፈቃድ ነው። ለእኔ ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። እንዲህ ሰፊ በሆነና አየሩ ከቦታ ቦታ በሚለያይ አገር ከሁሉ አስቀድሞ መወሰን ያለበት የሚነሱበት ቀንና ፊት የሚዞርበት አቅጣጫ ነው። ለዚህ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አሜሪካን በብስክሌት ለማቋረጥ ከወጣበት ከእ.ኤ.አ. 1976ቱ የባይክሴንቴኒያል ጉዞ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱም ወራቱም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የአንድ ሰው ሐሳብ

ነገሩ የተጠነሰሰው ሌላ ጉዞ ላይ ነው። በ1972 ግሬግና ጁን ሲፕል፣ ዳንና ሊስ በርደን የተባሉ ሁለት ባለትዳሮች ከአላስካ ተነስተው እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ በብስክሌት ለመሄድ መንገድ ጀመሩ። በ1973 መጀመሪያ ሜክሲኮ ውስጥ ሳሉ ግሬግ አንድ ሐሳብ መጣለት። አሜሪካ ነፃነቷን ያወጀችበት 200ኛ ዓመት በ1976 ይከበራል፤ ታዲያ በዚያ ዓመት ሕዝቡ ለምን አገሩን በብስክሌት አያቋርጥም? ለጉዞው ባይክሴንቴኒያል የሚለውን ስም ያወጣችለት ሚስቱ ጁን ናት። ጊዜውም የተመቸ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የብስክሌት ገበያው ደርቶ፣ ባለ አሥር ማርሽ ብስክሌት በየቤቱ ገብቶ ነበር።

የግሬግ የመጀመሪያ ዕቅድ ግን ዕቅድ ለማለት ያስቸግራል። ጁን 1 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ብስክሌትዎን ይዘው ሳን ፍራንሲስኮ፣ ጎልደን ጌት ፓርክ ይገኙ የሚል ማስታወቂያ መበተን ብቻ ነበር። ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ለዚሁ ብሎ ከፈረንሳይ በአውሮፕላን የመጣው ሁሉ ይሰበሰባል፤ ሰዓቱ ሲደርስም ያ ሁሉ ሰው እንደ አንበጣ መንጋ አገሩን አቋርጦ ይነጉዳል። ምሳሌው የራሱ የግሬግ ነው። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ሰውን ሁሉ ያለ ምዝገባና ያለ ምርጫ የሚጠራ ነበርና። ይሁን እንጂ የአንበጣ መንጋ ባረፈበት ምን እንደሚተርፍ የእኛ አገር ገበሬ ጠንቅቆ ያውቃል። ጥቂት መቶ ሰው በሚኖርባት የካንሳስ መንደር በአንድ ምሽት ሺህ ብስክሌተኛ ቢወርድባት ዳቦው ከየት ይመጣል? ሽንት ቤቱስ? አንድ ሰው ወድቆ እግሩ ቢሰበር ማን ያነሳዋል?

ቀጥሎ የመጣው ውሳኔ፣ በእኔ አስተያየት፣ ጉዞውን ያዳነው ነው። ሕዝቡን በአንድ ቀን ከማስነሳት ይልቅ በትንንሽ ቡድን ከፋፈሉት። አሥር ገደማ ሰው ያለው ቡድን ሥልጠና በወሰደ መሪ ይመራል፤ ለብቻው መሄድ የፈለገም ካርታውንና የመንገድ መጽሐፉን ይዞ ይሄዳል። ቡድኖቹ ከምሥራቅም ከምዕራብም ጫፍ፣ በተለያየ ቀን ይነሳሉ። አንዳንዱ ድንኳን ይተክላል፣ ሌላው በትምህርት ቤት አዳራሽና በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ያድራል። በዚህ መንገድ መንደሮቹ በአንድ ምሽት የሚያስተናግዱት በጣት የሚቆጠር እንግዳ ሆነ። በአሜሪካው በጋ፣ ማለትም ከጁን እስከ ኦገስት ባለው የሙቀት ወቅት መጨረሻ፣ ከ4,000 በላይ ሰው በጉዞው ተሳትፎ፣ ግማሽ ያህሉ ሙሉውን መንገድ ከባሕር እስከ ባሕር ጨርሶታል።

መንገዱና አየሩ

መንገዱ ትራንስአሜሪካ ይባላል፤ ዛሬም አለ። በምዕራብ ከኦሪገን የባሕር ዳርቻ ይነሳል፤ አሁን መነሻው አስቶሪያ ናት። በአይዳሆ፣ በሞንታና፣ በዋዮሚንግ፣ በኮሎራዶ፣ በካንሳስ፣ በሚዙሪ፣ በኢሊኖይና በኬንታኪ አድርጎ ቨርጂኒያ ውስጥ ዮርክታውን ላይ ያበቃል። ዮርክታውን የእንግሊዝ ጦር በ1781 እጁን የሰጠባት ከተማ ስለሆነች ለ200ኛው ዓመት በዓል ተስማሚ ነበረች። ርዝመቱ 6,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀጥ ብሎ የሚሄድ መንገድ አይደለም፤ ትላልቆቹን አውራ ጎዳናዎች እየሸሸ መኪና በማይበዛባቸው የገጠር መንገዶች ይጠማዘዛል። እነዚያን መንገዶች አንድ በአንድ መርጦ ማያያዝ ብቻውን ብዙ ወራት የፈጀ ሥራ ነበር።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ ማለት የምፈልገው አለ። እኛ አየርን የምናነበው በከፍታ ነው። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብለን ስንለይ፣ አንድ ሰው ከደብረ ብርሃን ወደ አዋሽ ሲወርድ ምን ዓይነት ልብስ እንደሚያወልቅ ሳይነገረው ይገባዋል። ይህ ዕውቀት ኮሎራዶ ላይ ይጠቅማል። የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ ሁዥየር የተባለው የተራራ መተላለፊያ 3,518 ሜትር ነው፤ ከሰሜን ተራሮች ሳንቃበር ከፍ፣ ከጨነቅ ዝቅ ያለ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሳንባው ከካንሳስ ልጅ ሳንባ ይልቅ ለዚያ ዳገት የቀረበ ነው። ነገር ግን ያው ዕውቀት ሊያሳስትም ይችላል። በእኛ አገር አንድ ቦታ ደጋ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ደጋ ነው፤ ዋናው ጥያቄ ዝናቡ መጣ ወይስ ሄደ የሚለው ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ያው ቦታ በጥቂት ወራት ልዩነት ሌላ አገር ይሆናል። በማርች የብስክሌት ጎማ የሚውጥ በረዶ ያለበት መንገድ በኦገስት ሰውን በጥም ያደክማል። ስለዚህ ከፍታውን ብቻ አይቶ ልብስ የሚያዘጋጅ ሰው የሚያውቀው ግማሹን ነው።

መንገዱን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በአየሩ እንየው። የኦሪገን ባሕር ዳርቻ እርጥብና ቀዝቃዛ ነው። የካስኬድ ተራሮች ዝናቡን ስለሚያስቀሩት፣ አንዱን መተላለፊያ ተሻግረው ሲወርዱ ጥቅጥቅ ያለው ጫካ ይቀርና ደረቅ ሜዳ ይጀምራል። መተላለፊያው ማኬንዚ ይባላል፤ 1,623 ሜትር ብቻ ነው። ለእኛ ወይና ደጋ የምንለው ከፍታ ነው፤ ሆኖም የቅዝቃዜውን ወራት በሙሉ በበረዶ ተዘግቶ ይቆያል። ለመኪና የሚከፈተው በጁን ሦስተኛው ሰኞ ነው፤ በረዶ ጠራጊዎቹ ካለፉ በኋላ ብስክሌተኞች ትንሽ ቀደም ብለው ሊያልፉ ይችላሉ። የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ በጁንም በረዶ ሊጥል ይችላል። ዋዮሚንግ ነፋስ ነው፤ ከነፋስ ሌላ ብዙ የሚባል ነገር የሌለባቸው ቀናት አሉ። ኮሎራዶ ላይ በጁላይና በኦገስት ከሰዓት በኋላ መብረቅና ነጎድጓድ ስለሚመጣ መተላለፊያዎቹን ከቀትር በፊት ተሻግሮ መውረድ ግድ ነው። ካንሳስ በሜይና በጁን የቶርኔዶ ወቅት አለባት፤ በጁላይ ደግሞ ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት ብርቅ አይደሉም። ከሚዙሪ ጀምሮ እስከ ቨርጂኒያ ያለው ወበቅ ነው፤ ላብ ሰውነት ላይ ተጣብቆ የማይደርቅበት ወበቅ።

ቀን መቁጠሪያው

ሰውን በቡድን መከፋፈሉ ያመጣው አንድ ነገር አለ። በተለያየ ቀን የተነሱ ሁለት ቡድኖች ያንኑ ካርታ ይዘው ሁለት የተለያዩ ጉዞዎች ይሄዳሉ። የመነሻው ቀን ልክ እንደ መንገዱ በጥንቃቄ መመረጥ አለበት የምለው ለዚህ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ወረቀት ላይ ላሳየው።

ዕቃ የጫነ መካከለኛ ጉልበት ያለው ሰው በቀን 80 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። 6,800 ለ80 ሲካፈል 85 ይሆናል። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ሲጨመር ከሦስት ወር ትንሽ ያለፈ ጊዜ ነው። ከዮርክታውን በሜይ 5 ቢነሳ የምሥራቁን ተራራማ አገር አፓላቺያን በሜይ አጋማሽና ማብቂያ፣ ዛፉ ለምልሞ ወበቁ ገና ሳይመጣ ያገኘዋል። ሚሲሲፒን ኢሊኖይ ውስጥ ቼስተር ላይ በጁን መጀመሪያ ይሻገራል። ካንሳስን የሚያቋርጠው በጁን አጋማሽ ነው፤ ሙቀቱ ከፍ ብሏል፣ ጣሪያ ግን አልነካም። የመንገዱ ግማሽ ገደማ የሆነችው የኮሎራዶዋ ከተማ ፑዌብሎ በጁን የመጨረሻ ሳምንት ትደረሳለች። ሁዥየር መተላለፊያ ያኔ ከበረዶ ነፃ ነው፤ የሎውስቶን በጁላይ አጋማሽ፣ ማኬንዚ በኦገስት መጀመሪያ። የኦሪገን ባሕር ዳርቻ ያ ሰው ሲደርስ ደረቅና ፀሐያማ ነው።

አሁን በተቃራኒው እንሂድ። ከአስቶሪያ በሜይ 5 የተነሳ ሰው ማኬንዚን ዝግ ሆኖ ያገኘዋል፤ በሌላ መተላለፊያ ዞሮ ቢያልፍም በአይዳሆና በሞንታና ድንበር ባለው ሎሎ መተላለፊያ ላይ ቅዝቃዜ፣ የሎውስቶን ላይ በረዶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ጁንን መጠበቅ አለበት። በጁን 10 ከተነሳ ተራሮቹን በጥሩ ጊዜ ያልፋቸዋል፤ ነገር ግን ካንሳስ የሚገባው ጁላይ አልቆ፣ ምድሪቱ እንደ ምጣድ በጋለችበት ሰዓት ነው። ከዚያም ሚዙሪንና ኬንታኪን በኦገስት ወበቅ ይገፋል። ተማሪና መምህር ሌላ ምርጫ ስለሌላቸው ብዙዎቹ እንዲህ ይሄዳሉ፤ ይቻላልም። ካንሳስ ላይ ግን ቀኑን ወደ ሌሊት መለወጥ አለባቸው፤ ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ተነስተው እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት መጨረስ።

እኔ ከተጠየቅሁ፣ ሦስት ወር ነፃ የሆነና ቀኑን መምረጥ የሚችል ሰው ከዮርክታውን በሜይ የመጀመሪያ ሳምንት ይነሳ እላለሁ። በዚህ ላይ የሚነሳው ትልቁ ተቃውሞ አፓላቺያ ነው፤ ተቃውሞውም እውነት ነው። ቨርጂኒያና ምሥራቅ ኬንታኪ ያሉት ዳገቶች አጫጭር ቢሆኑም ቀጥ ያሉ ናቸው። ሮኪ ተራሮች ላይ መንገዱ ለከባድ መኪና እንዲመች በረጅሙ ተጠማዞ የተሠራ ሲሆን፣ አፓላቺያ ላይ ግን የድሮው የገጠር መንገድ ኮረብታውን ፊት ለፊት ይጋፈጠዋል። ሁለቱንም የጨረሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከሮኪ ይልቅ አፓላቺያን ያማርራሉ። ከምሥራቅ የተነሳ ሰው ያንን የሚያገኘው እግሩ ገና ሳይጠነክር ነው። መፍትሔው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በቀን 50 ወይም 60 ኪሎ ሜትር አድርጎ ማቀድና ለዚያ የሚሆን ትርፍ ቀን ከመነሻው መያዝ ነው። በዚያ ላይ የኬንታኪ ውሾች አሉ፤ አጥር የማያውቁ፣ ብስክሌት ሲያዩ ተንደርድረው የሚመጡ ናቸው። ብስክሌተኞች ወርዶ ብስክሌቱን በመሃል አድርጎ መቆምን ይመክራሉ፤ ብዙዎችም የውሻ መከላከያ ቃሪያ የሚረጭ ቆርቆሮ እጀታቸው አጠገብ ያስራሉ።

ስለ ነፋስ

ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሂድ፣ ነፋሱ ከኋላህ ይገፋሃል የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል። ብዙ ሰው አቅጣጫውን የሚመርጠው በዚህ ብቻ ነው። ከፍ ባለው ሰማይ፣ አውሮፕላን በሚሄድበት፣ ነገሩ እውነት ነው። መሬት ላይ፣ ያውም በበጋ፣ ሌላ ነው። በካንሳስ ሜዳ በጁንና በጁላይ የሚነፍሰው በአብዛኛው የደቡብ ነፋስ ነው። መንገዱ ደግሞ ምሥራቅና ምዕራብ ስለሆነ ነፋሱ የሚመጣው ከጎን ነው፤ ወዴትም ቢሄዱ ያው ነው። የከብት መኪና በተቃራኒ ሲያልፍ ነፋሱን ለአፍታ ይከልልና ወዲያው ይለቀዋል፤ ያኔ ብስክሌቱ ሚዛኑን ይስታል። ነፋሱ ሌሊት ጋብ ብሎ ከረፋዱ ጀምሮ ስለሚበረታ፣ ከሙቀቱ የሚያድነው ማለዳ መነሳት ከነፋሱም ያድናል። ስለዚህ አቅጣጫን በበረዶና በሙቀት መምረጥ፣ ነፋስን ደግሞ በሰዓት መሸሽ ነው የሚሻለው።

ውኃ፣ ልብስና መንደሮቹ

ካርታው ላይ ስም ያለው ቦታ ሁሉ ሱቅ አለው ማለት አይደለም። ዋዮሚንግ ውስጥ ከሮሊንስ እስከ ላንደር ያለው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመሃሉ ያለችው ጄፍሪ ሲቲ ናት። ጄፍሪ ሲቲ በዩራኒየም ማዕድን የቆመች ከተማ ነበረች። በ1976 ያለፉት ብስክሌተኞች ያገኟት ሠራተኛ የሞላባት ሆና ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የዩራኒየም ዋጋ ሲወድቅ ሰዉ ቤቱን ጥሎ ሄደ፤ ዛሬ የቀሩት ጥቂት አሥር ሰዎች ናቸው። ብስክሌተኞቹ የሚያድሩት በቤተ ክርስቲያኗ አዳራሽ ውስጥ ነው። ግድግዳው አልፈው የሄዱ ሰዎች በጻፉት ስምና ቀን ተሸፍኗል፤ ነፋሱን የረገመም አለ፣ ላስጠጉት ሰዎች ምስጋና የጻፈም አለ። ለአቃጅ ሰው ይህች ከተማ የምታስተምረው አንድ ነገር ነው፤ የአሮጌ ካርታን የውኃና የምግብ ምልክት አምኖ ወደዚያ በረሃ አይገባም። ከሮሊንስ ሲወጡ ቢያንስ ስድስት ወይም ሰባት ሊትር ውኃ መያዝ፣ ክፍት የሆነውንም በዚያው ሳምንት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ካንሳስ በዚህ በኩል ደግ ናት። በምዕራቡ ክፍል ከከተማ እስከ ከተማ 40 ወይም 50 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የሚቀጥለው ከተማ የእህል ጎተራ ገና ከሩቅ፣ አንድ ሰዓት ያህል አስቀድሞ ይታያል። ብዙዎቹ ከተሞች በሕዝብ መናፈሻቸው ድንኳን መትከል ይፈቅዳሉ፤ ሻወር የሚገኘው ከከተማው መዋኛ ነው። ድንኳን ከመትከል በፊት የሣር ማጠጫው በስንት ሰዓት እንደሚከፈት መጠየቅ ይገባል፤ ሌሊት ላይ ሳይታሰብ ተከፍቶ ሰውን ከነልብሱ ያረጥባልና።

ልብስን በተመለከተ አራት ዓይነት አየር የሚያሻግር ልብስ በሙሉ ከመነሻው መጫን ስህተት ነው። የፖስታ ቤቱን አገልግሎት መጠቀም ይቻላል። የአሜሪካ ፖስታ ቤቶች በስምዎ የተላከ ዕቃ መጥተው እስኪወስዱ ለተወሰነ ጊዜ ያቆያሉ። ከዮርክታውን የሚነሳ ሰው ወፍራም ጃኬቱን፣ ጓንቱንና የቆብ ሹራቡን ቤተሰቡ በጁን አጋማሽ ወደ ፑዌብሎ እንዲልክለት አድርጎ ይሄዳል፤ ከፑዌብሎ በፊት የሚያስፈልገው የዝናብ ልብስና አንድ ስስ ሹራብ ብቻ ነው። ከምዕራብ የሚነሳው ሰው ግን ፑዌብሎ ላይ የከበደውን ሁሉ ወደ ቤቱ ይመልሳል። ሦስት ኪሎ ቀላል ይመስላል፤ አፓላቺያ ላይ ግን ዕቃ መቀነስ የሚያመጣው ልዩነት በጉልበት ይታወቃል።

በ1976 ማንም ያላቀደው ነገርም ተፈጠረ። መንገዱ ቨርጂኒያ ውስጥ አፍተን ተራራ ላይ በጁን ከሪ ቤት ደጃፍ ያልፍ ነበር። ዳገቱን ወጥተው ውኃ የሚለምኑትን ልጆች ያየችው ጁን ከሪ ብስኩት መጋገር ጀመረች፤ ከዚያ በኋላ ስሟ በብስክሌተኞች ዘንድ የብስኩቷ እመቤት ሆኖ ቀረ። በ2012 እስክታርፍ ድረስ ለሺዎች ውኃ፣ ምግብና ማደሪያ ሰጥታለች። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ እንደ መንጋ ቢያልፍ ኖሮ ይህች ሴት ቧንቧዋን ትዘጋ ነበር እንጂ ብስኩት አትጋግርም። አምስት ስድስት ሆነው ሲመጡ ግን እንግዶች ነበሩ። የመጀመሪያው ዕቅድ በጊዜ መለወጡ እንዴት ትልቅ ውሳኔ እንደነበር እዚህ ላይ በደንብ ይታየኛል።

ዛሬ ለሚያቅድ

የ1976ቱን ጉዞ ያዘጋጀው ድርጅት ከበዓሉ በኋላ አልፈረሰም፤ በ1990ዎቹ አድቬንቸር ሳይክሊንግ ተብሎ ሞንታና ሚዙላ ከተማ ውስጥ ሥራውን ቀጠለ። ካርታዎቹን እያደሰ ያሳትማል፤ ትራንስአሜሪካም የብዙ መንገዶቹ የመጀመሪያው ነው።

በአሌክሳንድሪያና በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖረው ወገናችን የመንገዱ ምሥራቃዊ ጫፍ ደጁ ላይ ነው፤ ዮርክታውን በመኪና ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ስለዚህ ሦስት ወር ከመስጠቱ በፊት በሦስት ቀን መፈተን ይችላል። በ2015 የተጠናቀቀው የቨርጂኒያ ካፒታል መንገድ ከጄምስታውን እስከ ሪችመንድ 83 ኪሎ ሜትር ያህል ከመኪና ተለይቶ የተነጠፈ የብስክሌት መንገድ ነው፤ ትራንስአሜሪካም በከፊሉ ላይ ያልፋል። ፈተናው የሚደረገው ግን ሊነሱ ባሰቡበት ወቅት ይሁን፤ በሜይ የሚነሳ ሰው በኤፕሪል መጨረሻ፣ ሙሉ ዕቃውን ጭኖ ይውጣ። ሪችመንድ ሲደርስ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ በግምት ሳይሆን በልኩ ያውቃል፤ 6,800ን ማካፈል ያለበትም ለዚያ ቁጥር ነው። 80 የሚለው የእኔ ምሳሌ ነው። የእሱ 60 ከሆነ ከሜይ መጀመሪያ ተነስቶ ኦሪገን የሚደርሰው ሴፕቴምበር ውስጥ ነው፤ ፈቃዱን መጠየቅ ያለበት በዚያ ልክ ነው፣ ወይም ከፑዌብሎ ተመልሶ ሁለተኛውን ግማሽ ለሚቀጥለው ዓመት ያቆየዋል።